ሰቆጣን ከተራራዋ ላይ ሆናችሁ እዩዋት

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ለአንድ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ፖስተር እንዳዘጋጅ አዘዘኝና ከኢንተርኔት የፎቶ መሸጫ ላይ አንድ ፎቶ ገዛሁ። የተሰነጣጠቀ መሬት፣ አንድ የደረቀ ዛፍ፣ ከጀርባው ነጭ ሰማይ። ከሥሩ በትልልቁ «ሰቆጣ» ብዬ ጻፍኩበት። ፖስተሩ አምሮ ወጣ። አለቆቼ ወደዱት፤ እኔም ኮራሁበትና አንዱን ቅጂ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት።

በዚያን ዕለት አማቴ እኛ ቤት ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ተወልደው ያደጉትም ዋግ ነው። ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ የትኛው ጎጥ ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ፎቶው የሰቆጣ ይሁን የሌላ ቦታ፣ ከነጭራሹ የኢትዮጵያ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሳቸውም መልስ እንደማይመጣ ሲገባቸው ፖስተሩን መልሰው ጠቀለሉትና ቡናው ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ።

በእኔ ሙያ ስም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ስም ሲጠራ ሰው ዓይን ላይ ድቅን የሚል ነገር አለ፤ እኛ ደመወዝ የሚከፈለን ያንን ነገር ለመትከል ወይም ለመቀየር ነው። ሰቆጣ ሲባል ደግሞ ለአብዛኞቻችን የአዲስ አበባ ልጆች የሚመጣልን ድርቅ ነው። የ1977ቱ ረሃብ አለ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በአውሮፓውያኑ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃልም የተሰየመው በዚችው ከተማ ነው፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»። ስሙ የተሰጠው ለበጎ ነገር ነው። ነገር ግን በከተማ ስብሰባዎች ላይ ሰቆጣ ሲባል ሰው የሚያስበው ሰነዱን እንጂ ሰዎች የሚኖሩባትን፣ ተራራ የከበባትን ከተማ አይደለም።

ለዓመታት በሆዴ ይዤው ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ የክረምት እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ «አባባ፣ ጎጡን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሳቁ። ፖስተሩን አልረሱትም ነበር ማለት ነው።

በላሊበላ በኩል

ጉዞውን በነሐሴ ያደረግነው ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ነው። አራት ነን፤ አማቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔና የሰባት ዓመቷ ልጃችን። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ በየብስ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አማቴ በወጣትነታቸው የሚያውቁት መንገድ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ፣ ቀጥ ያለውን ዳገት ወጥቶ በኮረም በኩል የሚገባውን ነበር። እኛ ግን እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን ሄድንና ከዚያ ከነሹፌሩ መኪና ተከራየን። ልጅ ላለው ሰው ይሄኛው ይሻላል። የአየር ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው የቀረው መንገድ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ጠመዝማዛ ነው፤ ኮረኮንችም አለው። ልጃችን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ፌስታልና ሎሚ ከእጃችሁ አይለይ።

ከላሊበላ ሲወጣ በስተቀኝ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነስቶ ይታያል፤ ማለቴ በበጋ ይታያል። እኛ ያየነው ወገቡን ብቻ ነው። ከወገቡ በላይ ደመና ለብሶ ነበር። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ አቅጣጫ ስላለ ሳያዩት ማለፍ ነውር ነው። ከላሊበላ ውቅሮች በፊት የተሠራ ነው፤ ደግሞም ውቅር አይደለም። በሰፊ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ድርብርብ የታነጸ ቤት ነው። ግንቡ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው በመሆኑ ልጃችን «ኬክ ይመስላል» አለች፤ ቄሱም ሰምተው ሳቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በዋሻው ጥግ፣ የብዙ ሰዎች አፅም አለ። ልጄ እንዳትደነግጥ ፈርቼ ዓይኗን ልሸፍን ስል አያቷ ቀደሙኝ። «ለመሳለም መጥተው እዚሁ መቅረት የፈለጉ ናቸው ይባላል» አሏት። «ደክሟቸው ነው?» አለች። «ሳይደክማቸው አይቀርም፤ ሩቅ ነበር የመጡት» አሉ፤ በዚሁ አለፈ። ከዋሻው አፍ ዞር ብሎ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለው የጥድ ደን ነው። በዚህ አገር ደን የት እንደተረፈ ማወቅ የሚፈልግ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይይ የሚባለው እውነት ነው።

ከቢልባላ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን እየተጠማዘዘ ይወጣል። አማቴ ጉብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ መኪናውን አስቆሙት። «ከዚህ ላይ ዋግ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል» ብለው ወረዱ፤ ከዘራቸውን አንስተው ወደፊት ዘረጉ። ከዘራው ጫፍ ላይ ያለው ጭጋግ ነበር። ድፍን ነጭ። ሁላችንም ተሰልፈን ለትንሽ ጊዜ ጭጋጉን አየን። ባለቤቴ «አባባ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለ። እሳቸው ሳይስቁ ወደ መኪናው ተመለሱ።

ከተማዋን ከላይ

ሰቆጣ የደረስነው ነሐሴ 15 ማታ ነው። የአማቴ እህት ቤት አረፍን። የፍልሰታ ጾም የመጨረሻ ቀን ስለነበር ራታችን ሽሮ ነበር፤ በማግሥቱ ግን የአበርገሌ ፍየል ታረደ። ስለዚህ ፍየል ሁለት ዓረፍተ ነገር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። በቆላው፣ በቁጥቋጦ መካከል የሚያድግ ትንሽ ፍየል ነው፤ ሥጋው ጭማቂ የለውም ብዬ ከመቅመሴ በፊት የፈረድኩት እኔ ዛሬ ያንን ቃሌን ውጬዋለሁ።

ነሐሴ 16 የሻደይ መባቻም ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል የሚሉት የልጃገረዶች በዓል በዋግ ሻደይ ነው፤ እስከ 21 ይዘልቃል። ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። ልጃችን ለግማሽ ሰዓት ያህል ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ አየቻቸው። ከዚያ አንዷ የአክስት ልጅ መጥታ ቅጠሉን ወገቧ ላይ አሰረችላት። እስከ ማታ አላየናትም። የሚጨፈረውን ዘፈን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኽምጣና ይዛ መጣች። ኽምጣና የአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የዋግ ሰው የራሱ ቋንቋ። አማቴ ከእህታቸው ጋር ሲያወሩ ወደዚያ ሲገቡ እኔ ያገባሁትን ባለቤቴንም ጨምሮ ማንም ሰው አይከተላቸውም። ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሲያዝን አየሁት፤ የሰባት ዓመት ልጁ በአንድ ቀን ከእሱ የበለጠ ቃል ይዛ ገብታለች።

በ17 ጠዋት ከከተማዋ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣን። ረጅም አይደለም፤ ልጅም አያትም የሚወጡት ነው። ጎህ ሲቀድ ጀምሩት፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ፀሐዩ ይበረታል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዙሪያዋን በኮረብታ የታጠረች በመሆኗ ውስጧ ሆናችሁ ስትሄዱ ጉድጓድ ያላችሁ ይመስላችኋል። ከላይ ስትታይ ነው መልኳ የሚወጣው። አዲሱ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ በመካከሉ ደግሞ የድሮዎቹ የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ከመሬቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስላላቸው መጀመሪያ አይታዩም፤ ዓይን ሲለምድ ግን አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ልጃችን መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሰባት ላይ ተሳስታ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

አማቴ መምህርነታቸው አይለቃቸውም፤ የታሪክ ትምህርቱ እዚያው ድንጋይ ላይ ተሰጠን። ይህች ከተማ የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ከአፋር በረሃ የተነሳው ጨው በትግራይ በኩል በበቅሎና በአህያ እየመጣ እዚህ ይራገፍ ነበር፤ ከዚህ ነው ወደ ጎንደርና ወደ ሌላው አገር የሚበተነው። ገዥዎቿ «ዋግሹም» ይባላሉ፤ ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ከእነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል፤ በ1863 ዓ.ም. በካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ሲዋጉ ቆይተው በ1930 ዓ.ም. ተይዘው አንገታቸው ተቆርጧል። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬ ይሆናል። ከተማዋን ከላይ እያየሁ ስሰማው ግን ሌላ ነበር። ንጉሥ ያወጣ አገር መሆኑን በማርኬቲንግ ሥራዬ ሁሉ አንድም ቀን ሲነሳ አልሰማሁም።

ከዚያ አማቴ ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የሚወጣ አንድ ቀጭን መስመር በከዘራቸው አሳዩኝ። መንገድ መሆኑን ሳይነግሩኝ አላውቀውም ነበር፤ የዝናብ ውኃ የቀደደው ቦይ ነው የሚመስለው።

«በ1977 የወጣነው በዚያ ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እናቴና እህቴ ነበሩ። እህቴን ተሸክሜያት ነበር። ኮረም እርዳታ አለ ተብሎ።»

ባለቤቴ ይህን ከዚያ በፊት አልሰማም። እኔም ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። «አያቴስ?» አለ።

«ከኮረም አልተመለሰችም» አሉ። ከዚያ ልጃችንን «ስንት ደረስሽ?» አሏት። ሃያ ሁለት ደርሳለች።

ኮረም የዚያን ጊዜ ዓለም በቴሌቪዥን ያየው መጠለያ ነው። የኔ ፖስተር ቅድመ አያት የሚሆኑት ምስሎች የተነሱት እዚያ ነው ማለት ነው፤ አማቴ ደግሞ ከካሜራው ፊት ለፊት ከነበሩት አንዱ ነበሩ። ይህን ከኮረብታው ስንወርድ ነው ያሰብኩት። አክስቴ፣ ማለትም ያኔ በትከሻ ላይ የነበረችው ልጅ፣ ቤት ቁርስ አቅርባ እየጠበቀችን ነበር፤ ዘገያችሁ ብላ ተቆጣች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄድን። ከሰቆጣ ብዙ አይርቅም። ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው የድንጋይ ጥርብ ብዙ ሰዓት ያሳያል። ውስጡ በሣጥን የተቀመጡ የጥንት ዋግሹሞች አስክሬን እንዳለም ይታወቃል። እኔ ግን የምመክረው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ከወጣችሁ በኋላ መልሳችሁ ለማድረግ ትቀመጣላችሁ አይደል? እዚያ ስትቀመጡ ሸለቆው ከፊታችሁ ነው። አትቸኩሉ። ነጠላ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት ካህኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዝርዝር ብርም ይዛችሁ ሂዱ።

የምዕራቡ ጠርዝ

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ባይሳካላችሁ ይሄ እንዳያመልጣችሁ። ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዝቋላ ወረዳ በሚወስደው አቅጣጫ ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ ተከዜ ይወርዳል። (ዝቋላ ስል ደብረ ዘይት ያለውን ተራራ አይደለም። እኔም አውሮፕላን ውስጥ «ዝቋላማ ቅርብ ነው፤ ለምን ላሊበላ ድረስ መጣን?» ብዬ ተስቆብኛል።) ምልክት የለውም። አጥር የለውም። ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። የአካባቢ ሰው መያዝ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ልጅ ከያዛችሁ ደግሞ እጇን አትልቀቁ።

በ18 ጠዋት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ማለዳ፣ ሰማዩ ታጥቦ ጠበቀን። የነሐሴ ዝናብ ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ሦስት ቀን ይሸፍንባችሁና በአራተኛው አቧራ የሚባል አየሩ ላይ አይተውም። ጠርዙ ላይ ቆምን። ከእግራችን በታች ኮረብታ ከኮረብታ በስተጀርባ፣ ሰማያዊ እየሆነ እየሳሳ ይሄዳል። ቅርቡ አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቡናማ፤ ከዚያ ግራጫ። ከሁሉም ማዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ጥርስ የመሰለ ተራራ ቆሟል። «ሰሜን ነው» አሉ አማቴ፤ ራስ ደጀን ያለበት፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው የሰሜን ተራራ። በመካከላችን ያለው ተከዜ ነው። ወንዙ ራሱ አይታይም፤ ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር በላይ ጠልቆ ስለሚወርድ ውኃው ታች ተደብቋል።

ከዚያ አማቴ ስም መጥራት ጀመሩ። ሰሜን በኩል ያ አበርገሌ ነው፤ ፍየሉ የመጣበት። ፀላሪ ወንዝ በዚያ በኩል ወርዶ ተከዜ ይገባል። ወደ ታች ቆላው ዕጣን የሚነሳበት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሸትሽ ዕጣን ከዚህ ዛፍ ነው የሚንጠባጠበው። ወደ ደቡብ ደሃና፤ አምደወርቅ ከዚያ ተራራ ወዲያ ናት። ከኋላችን ያለው ደጋ የጋዝጊብላ ነው፤ ገብስ የሚበቅልበት። ይሄ ሁሉ በካርታ ላይ ያለ ነው። እሳቸው ግን አላቆሙም። ከካርታው ወርደው ወደ ኮረብታው፣ ከኮረብታው ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ አንዱ ሾላ፣ ከሾላው ወደ ማሳው ሄዱ። ስም የሌለው ነገር የለም። አንዱ ጉብታ የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ስም አለው፤ አንዱ ቋጥኝ በላዩ ሲጫወት ወድቆ እግሩ የተሰበረ ልጅ ስም። (ያ ልጅ አድጎ፣ አርጅቶ፣ አሁንም እያነከሰ ገበያ እንደሚመጣ እህታቸው ነግራናለች።)

በመጨረሻ ከዘራውን ወደ ታች ዘቀዘቁት። «ይኸውልሽ ጎጡ።»

አሥራ አምስት ይሆናሉ ቤቶቹ። በዙሪያቸው እርከን ተራራውን ከግር እስከ ትከሻ እንደ ደረጃ ከፍሎታል። አማቴ ልጅ ሳሉ ያ እርከን አልነበረም። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ገበሬው ድንጋይ እየተሸከመ የሠራው ነው፤ ነፃ ጉልበት ነው፤ ማንም አልከፈለውም። ከእርከኑ በላይ ያለው ተራራ ከብት እንዳይገባበት ተከልሏል፤ ቁጥቋጦው ተመልሷል። እርከኑ ላይ ማሽላና ጤፍ አለ። በዚያ የነሐሴ ጠዋት እንዲያውም እንጦጦ ላይ ሆኜ ሱሉልታን የማይ መሰለኝ፤ ያን ያህል አረንጓዴ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ሃያ፣ ሠላሳ ፎቶ ሳላነሳ አልቀረሁም። ፖስተሩን የሚያስረሳ ፎቶ አገኘሁ ብዬ ልቤ ደስ አለው፤ «አባባ፣ እንዴት ያምራል! ይሄን ነበር ማሳየት የነበረብኝ» አልኳቸው።

እሳቸው ግን እንደጠበቅኩት አልፈነደቁም። «በሚያዝያ ብትመጪ» አሉ፣ ረጋ ብለው፣ «ከፖስተርሽ ብዙም አትርቅም። ዝናቡ በሰኔ ሳይገባ የቀረ ዓመት ደግሞ ነሐሴም ያው ነው። ረሃቡማ ነበር። አሁንም የሚቸገር አለ።» ትንሽ ቆይተው፣ «እኔ የጠየቅሁሽ የትኛው ጎጥ እንደሆነ ነው» አሉ።

ይህን መመለስ አልቻልኩም፤ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ልጃችን ግን የአያቷን ከዘራ ተቀብላ ወደ ታች እያመለከተች ስሞቹን አንድ በአንድ መልሳ ታስጠራቸው ጀመር። ሲሳሳቱባት ሳይሆን ስትሳሳት እያረሙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆመን። ነፋሱ ቀዘቀዘኝ፤ አንድም ሰው ግን እንሂድ አላለም።

ልንነሳ ስንል ባለቤቴ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሩቅ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። «ሐይቁ ነው» አለ። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ነበር፤ ከበስተጀርባው የተኛው ውኃ ወደ ዋግ ቆላዎች ድረስ ይገባል፤ ሰቆጣ ላይ የሚሸጠው የዓሣ ጥብስ የሚመጣውም ከዚያ ነው። አማቴ ዓይናቸውን አጥብበው አዩና «የቆርቆሮ ጣራ ነው» አሉ። ሐይቅ፤ ቆርቆሮ። ክርክሩ መኪና ውስጥም ቀጠለ። ሹፌሩ ሲጠየቅ ደመና ነው አለ።

ለመሄድ ላሰባችሁ

ከሁሉ በፊት ሰቆጣ ወይም ላሊበላ ካለ ሰው ጋር ደውሉና መንገዱ ክፍት፣ አካባቢው ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። ባለፉት ዓመታት ይህ አካባቢ ብዙ አይቷል፤ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ካልሆነ ጉዞውን አቆዩት፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ልጃገረዶቹን ማየት የሚፈልግ በነሐሴ አጋማሽ ይሂድ፤ ጭጋጉንም ዝናቡንም ይቻለው። እይታ ብቻ የሚፈልግ በጥቅምት ይሂድ፤ አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ማሳውም ቢጫ መሆን ይጀምራል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ለልጆች ስል ነሐሴን እመርጣለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ማደሪያ አለ፤ ነገር ግን የላሊበላን ዓይነት ሆቴል ካሰባችሁ ታዝናላችሁ። ንጹሕ አልጋ፣ ወጣ ገባ የሚል ውኃ፣ በባልዲ የሚመጣ ሙቅ ውኃ፤ ልኩ ይሄ ነው። ሹራብ ያዙ፤ ማታ ይበርዳል። ባርኔጣም ያዙ፤ ቀን ያቃጥላል። ጫማ ስፖርት ይሁን። ስትመለሱ የዋግ ማር ግዙ፤ ግን ክዳኑን በፕላስቲክ ሳትጠቀልሉ ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ። የኔን ነጭ ቀሚስ ያየ ይመሰክራል።

ሰው ፎቶ ስታነሱ ጠይቁ። ይህን ለመናገር የመጨረሻዋ ሰው እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

አዲስ አበባ እንደተመለስን ፎቶዎቹን አሳተምኳቸውና ለአማቴ ወሰድኩላቸው። ማስታወቂያ የማይሆኑትንም ጨምሬ ነው፤ አንዱ ላይ የልጃችን ጣት ግማሹን ሸፍኖታል። በየፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ የቦታውን ስም ጻፉ፤ ኮረብታውን፣ ምንጩን፣ የማሳውን ባለቤት ሳይቀር። ስም ያልጠፋለት ፎቶ አልነበረም፤ ከአንዱ በስተቀር። ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ያለበት ፎቶ ጀርባ «ቆርቆሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ «ሐይቅ» አለ፤ ከዚያ በታች ልጃችን በቀይ እርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች።